የተማሪ ሰርቪስ፦ ልጆቹን ሥርዓትና ጥንቃቄ የት እና እንዴት እናስተምራቸው? (ድሬዳዋ / ሐረር)

የሰርቪስ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመስከረም የተማሪ ሰርቪስ ሥልጠና እየተዘጋጀ ነው። ያሉት መኪኖች አንድ ኮስተርና ሦስት ሃይሩፍ ናቸው፤ ወላጆች ራሳቸው ተነጋግረው የያዟቸው ባጃጆችም አሉ። ልጆቹ ከአፀደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ሲሆኑ ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከአዲስ ከተማና ከመልካ ጀብዱ ነው የሚመጡት።

የተለመደው አሠራር በመጀመሪያው ሰኞ ሰልፍ ላይ «አትረብሹ፣ አትነሱ፣ እጃችሁን በመስኮት አታውጡ» ብሎ መናገር ነው። ሰልፍ ላይ የተባለው ግን መኪናው በር ጋ ሲደረስ ተረስቷል። ስለዚህ ትምህርቱ እዚያው መኪናው ላይ እንዲሰጥ ነው ሐሳቡ። ረቂቁን ላስቀምጥ፤ የጎደለውን ሙሉ፣ የተሳሳተውን አርሙ።

መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ቁልፉ ሾፌሩ ኪስ ይገባል። ልጆቹ በ10 በ12 እየሆኑ ለ20 ደቂቃ ይመጣሉ። የሚለማመዱት አራት ነገር ብቻ ነው፦ መጠበቅ፣ መግባት፣ መቀመጥ፣ መውረድ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ በተግባር። በሁለተኛው ሳምንት የ10 ደቂቃ ክለሳ፣ ከገና በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ደግሞ እንደገና።

ደንቡ አምስት ብቻ ነው፦ «ጀርባ ከወንበር፣ ቦርሳ ከጭን፣ እጅ ከውስጥ፣ ድምፅ ለጎረቤት፣ ስምህ ሲጠራ ተነስ።» ከዚህ ከበዛ ትንንሾቹ አይዙትም። የጻፍነውም አድርጉ የሚባለውን ነው። «አትነሳ» የተባለ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተነገረውም፤ «ጀርባህን ወንበሩ ላይ ለጥፍ» የተባለው ግን ያውቃል።

ምን ይጎድለዋል?

ሃይሩፍ ሾፌር

አቦ ረቂቁ ጥሩ ነው፤ ግን ሐሳቡ ሁሉ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ለልጅ ትልቁ አደጋ ያለው ሲገባና ሲወርድ፣ በመኪናው ዙሪያ ባሉት 3 ሜትሮች ውስጥ ነው። ያንን ክልል ልጆቹ በዓይናቸው ካላዩት በቃል አይገባቸውም።

መኪናው ግቢ ውስጥ እንደቆመ በአራቱም ጎን 3 ሜትር ለኩና መሬቱ ላይ በኖራ አስምሩ። በሩ ባለበት በቀኝ ጎን አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። ከመስመሩ የሚያልፈው ረዳቱ በእጁ የጠራው ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም በክፍተቱ። ይህን ሲደጋግሙት ኖራው በሌለበት ፌርማታም ርቀቱን ራሳቸው ይጠብቃሉ።

ቀጥሎ ለሾፌሮቹ የሚሆን ልኬት አለ። የአፀደ ሕፃናት ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር አካባቢ ነው። 1 ሜትር የሆነ የመጥረጊያ እንጨት ውሰዱ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ረዳቱ እንጨቱን ከፊት ፓራውልት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደፊት ያርቀው፤ ሾፌሩ ጨርቁን ያየበት ቦታ ላይ ይቁምና ርቀቱን ይለካ። አሁን ያንኑ በ50 ሳንቲም እንጨት ድገሙት፤ ያ የወደቀ ደብተር ሊያነሳ ያጎነበሰ ልጅ ነው። በፊት በቀኝ ማዕዘንና በኋላም እንዲሁ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉ። የኮስተሩና የሃይሩፉ አይገጥምም፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሾፌርም ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ለየመኪናውና ለየሾፌሩ ይለካ። ከኋላ ያለው ሁልጊዜ የባሰ ነው። ልጆች ወርደው ሳለ ወደ ኋላ ማርሽ አይገባም፤ ግድ ከሆነ ረዳቱ ልጆቹን ግድግዳ ጥግ ሰብስቦ እጁን እስኪያነሳ ይጠበቃል።

ከልኬቱ በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፤ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እንዳለ። ጓደኞቻቸው ከፊት ቆመው ሳሉ እንዴት እንደሚጠፉ ይዩ። አንድ ልጅ ጓደኛውን ፈልጎ ሲያጣው የሚማረውን የአንድ ሰዓት ምክር አይሰጠውም።

የወደቀ ነገርን ለብቻው አለማምዱ። ደብተር ሆን ብላችሁ ከጎማው ሥር ወርውሩ። የልጁ ሥራ ሁለት ነው፦ ወደ ኋላ መሄድና «ወደቀብኝ!» ብሎ መጮህ። የሚያነሳው ረዳቱ ነው፣ እሱም ሾፌሩ ዓይን ለዓይን ካየው በኋላ።

ተንሸራታቹ በር ላይ የሚመጣው ጉዳት ጣት ነው። ልጅ ሲቀመጥ የበሩን ምሰሶ መያዝ ይወዳል። ረዳቱ «በር!» ሲል ሁሉም ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ያድርግ፤ አይቶ ነው የሚዘጋው። የቦርሳ ማሰሪያ፣ ነጠላ፣ ሒጃብ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ሹራብ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ የቁልፍ ክር፣ እነዚህ በር ውስጥ ይቀራሉ። ልጁ ወርዶ በሩ ክሩን ይዞ ሲዘጋ መኪናው ይጎትተዋል። ቦርሳ ከመግባት በፊት ከጀርባ ወርዶ በፊት ይያዝ፣ ሲወረድም እንዲሁ፤ ትርፍ ማሰሪያው ከ10 ሳንቲም በላይ እንዳይንጠለጠል ወላጅ ይቋጥረው። ረዳት ጎኑን መታ መታ ስላደረገ ብቻ መነሳት ይቅር። የበሩን ሥር አይቶ «ነጻ ነው» ማለት አለበት፤ ሾፌሩም የቀኙን ስፖኪዮ ሳያይ አይነሳ።

መምህርት፣ የመጀመሪያ ደረጃ

የሾፌሩ ወንድማችን ልኬት በደንብ ይያዝ። እኔ በዕድሜ መከፋፈሉን ልጨምር።

እስከ 9፣ 10 ዓመት ድረስ ልጅ የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት አገናኝቶ መገመት ይቸግረዋል። መኪናውን ያያል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አያውቅም። ሂሳቡን አስቡት፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ልጅ በ7 ሰከንድ ቢሻገረው መኪናው እስከዚያ 77 ሜትር ተጉዟል። ማለትም ልጁ ከመነሳቱ በፊት 77 ሜትር አርቆ አይቶ መፍረድ ነበረበት። ይህን ከ1ኛ ክፍል ተማሪ መጠበቅ ልክ አይመስለኝም። ስለዚህ ለትንንሾቹ «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» አይባል፤ ትምህርታቸው «የትልቅ ሰው እጅ ሳልይዝ አስፋልት አልረግጥም» የሚል አንድ ነገር ይሁን። መሻገርን ራሱ ከ4ኛ ክፍል ወዲያ አስተምሩ፣ እሱም ከሰው ጋር ሆነው አስፋልቱ ዳር።

አለማመዱ ላይ፦ መጀመሪያ ምንም ሳትናገሩ አሳዩ፣ ሁለተኛ እየተናገሩ፣ ሦስተኛ ልጁ ያድርግና ጓደኛው ትክክል የሆነውን ይናገር። ስታመሰግኑ «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም። «ቦርሳህን ማንም ሳይነግርህ ጭንህ ላይ አደረግህ» ሲባል ልጁ ምኑን መድገም እንዳለበት ያውቃል።

ሌላው ቋንቋ ነው። አንድ ሃይሩፍ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ አፀደ ሕፃናት ገና የገባው የሚሰማው የቤቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ትእዛዙ በእጅ ምልክት ይታገዝ፦ መዳፍ ወደፊት «ቁም»፣ ሁለት መዳፍ ወደታች «ተቀመጡ»፣ አንድ የፊሽካ ድምፅ «ባለህበት ደርቀህ ቅር»። ሾፌር፣ ረዳት፣ የበር ዘበኛና መምህር ሁሉ ያንኑ ምልክት ይጠቀሙ። አንዱ ፊሽካ ለመሰብሰብ፣ ሌላው ለመቆም ከነፋው ልጁ ሁለቱንም ይተወዋል። ፊሽካውን በእረፍት ሰዓት በጨዋታ መልክ አለማምዱት፤ ሩጫ መሃል ሲነፋ ሁሉም ይደርቃል። በጣም የሚወዱት ጨዋታ ነው፣ ቶሎም ይይዙታል።

የመንገድ ደህንነት ክበብ አስተባባሪ

መሻገር ላይ አንድ ነገር ልቃወም፤ እዚህ ውይይት ላይ እስካሁን አልተነሳም እንጂ ትምህርት ቤቶች የሚያሳዩት ቪዲዮ ላይ አለ። ቪዲዮዎቹ ልጁ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ወደፊት 3 ሜትር ሄዶ፣ በአውቶቡሱ ፊት እንዲሻገር ያስተምራሉ። ያ ለአሜሪካ ነው። እዚያ ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ ከጎኑ «ቁም» የሚል ምልክት ሲዘረጋ፣ አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ ከኋላም ከፊትም የሚመጣው መኪና እንዲቆም ሕግ ያስገድደዋል። እኛ ጋ ሰርቪሱ ሲቆም ከኋላ ያለው ይቀድመዋል። በቆመ ሃይሩፍ ፊት የሚሻገር ልጅ ከግራ የሚመጣውን ባጃጅ አያየውም፣ ባለባጃጁም ልጁን አያየውም።

እዚህ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ መስመሩን እንደገና ሳሉትና ልጁ በቤቱ በኩል እንዲወርድ አድርጉ። አንድ ዙር ዞሮ መመለስ 5 ደቂቃ ቢፈጅም ይሻላል፤ በተለይ አካፋይ ባለው አስፋልት ላይ። ያ ካልተቻለ ልጁ ከወረደ በኋላ ከአስፋልቱ ጠርዝ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁም። ሰርቪሱ ይሂድ። መንገዱ ወዲያና ወዲህ ሲገለጥ፣ የሚቀበለው ሰው ወደ እሱ ተሻግሮ ይምጣ። ልጁ ወደ ወላጁ አይሻገርም፣ ወላጁ ነው ወደ ልጁ የሚሻገረው። ከማዶ ሆኖ «ና ና!» ብሎ የሚጠራ ወላጅ ልጁን አስፋልቱ መሃል እየከተተው ነው። ተቀባይ ከሌለ ልጁ አይወርድም፤ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመለሳል፣ ለቤቱ ይደወላል።

የቀኙን ጎንም አትርሱ። ድሬ ላይ ባጃጅ በቆመ መኪናና በእግረኛ መንገዱ መካከል ይሾልካል። ሾፌሩ ከጠርዙ ከ50 ሳንቲም ሳይርቅ ከቆመ ባጃጅ አይገባም። ነገር ግን ጠርዙ ጋ ክፍት ቦይ ካለ ልጁ የሚረግጠው ቦዩን ነው፤ ስለዚህ ፌርማታዎቹ አስቀድመው በእግር ተሄዶባቸው ይመረጡ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ቀድሞ የሚወርደው ረዳቱ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ መንገዱን በሰውነቱ ከዘጋ በኋላ ነው «ስም» የሚጠራው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሳቢያን

ክላክሱ ላይ አንድ ነገር በሉልን። ሾፌሩ ከማዶ ክላክስ ሲያደርግ ልጅ ጫማውን እንኳ ሳያስር ነው የሚሮጠው፤ ሾፌሩ ደግሞ የሚቸኩለው ስለዘገየንበት ነው። ሁለተኛ፣ አስተባባሪ፣ ባጃጆቹን ጠቅሰህ አልፈሃቸዋል። ሰርቪስ ያልደረሳቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው።

ሃይሩፍ ሾፌር

እህቴ ልክ ነሽ። ክላክስ ይከልከል። በምትኩ ሰዓቱ ይጠበቅ፦ ልጁ ከ5 ደቂቃ በፊት ግቢው ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ይሁን፤ መኪናው 2 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያ ስልክ። ሁለት ጊዜ ያዘገየ ቤት የጥሪ ወረቀት ይድረሰው። መስመሩ ላይ 18 ቤት ካለና እያንዳንዱ ቤት 1 ደቂቃ ቢያዘገይ መጨረሻ ላይ መኪናው 18 ደቂቃ ይከስራል። ያንን ሾፌሩ በፍጥነት ሊመልሰው ይሞክራል፤ አደጋው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ባጃጅ ነጂ፣ ነምበር ዋን ሰፈር

የባጃጁን እኔ ልንገራችሁ። ከኋላ የተሠራው ለ3 ሰው ነው። ልጅ ቀጭን ነው ተብሎ ከኋላ 5፣ ከነጂው ግራና ቀኝ 2 ይጨመራል። የፊቶቹ ናቸው የሚያሰጉት። በግራና በቀኝ ሲጠጉ ክርናችንን ይይዙታል፣ መሪው ሙሉ አይዞርም፤ ቀኝ ያለው ልጅ ደግሞ እግሩ የእግር ፍሬኑ ላይ ነው። ፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ይገለበጣል። ከነጂው ጎን ልጅ አይቀመጥ፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

ከኋላ፦ ትንሹ መሃል፣ ትልልቆቹ ዳርና ዳር። ጀርባ እስከ መጨረሻ ወንበሩ ላይ፣ እግር ውስጥ፣ እጅ ከነጂው ጀርባ ያለው ብረት ላይ። የጎን ብረቱን የያዘ ልጅ ጣቱ ውጭ ነው፣ ሌላ ባጃጅ ሲጠጋ ይላጠዋል። ቦርሳ እግር መሃል፣ ውጭ አይንጠለጠልም። በግራ በኩል፣ መኪና በሚያልፍበት ጎን፣ ብረት ወይም ጠንካራ መረብ ይገጠም፤ መግቢያና መውጫ በቀኝ ብቻ። በቀኙም ወገብ ከፍታ ላይ የሚቆለፍ ቀበቶ ይታሰር። ፍጥነት ከ30 አይበልጥም።

ወላጆች ደግሞ ይህን ስሙኝ። ክፍያው በልጅ ቁጥር ሲሆን ነጂው ልጅ ይጨምራል፤ ስለዚህ ክፍያውን በባጃጅ ተዋዋሉ። ሦስት ቤት አንድ ላይ ሆናችሁ ወሩን ሙሉ ያዙት፣ ውሉ ላይ «ከ3 ልጅ በላይ አይጫንም» ይጻፍ። ጫት እየቃሙ መንዳት እንደማይፈቀድም ይጻፍ፤ ከሰዓት በኋላ ለሚመልሱት በተለይ።

ነርስ፣ ከዚራ

ሙቀቱ ለብቻው ርዕስ መሆን አለበት። ውጭ 35 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 45 ገደማ ይደርሳል፣ ከዚያም ይጨምራል። የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ከትምህርት መልስ የሚተኛ ልጅ ወንበር ሥር ተንሸራቶ ሊቀር ይችላል፣ ሾፌሩም «ሁሉም ወርዷል» ብሎ ቆልፎ ይሄዳል። ይህ እንዳይሆን የስም ዝርዝሩ ላይ ለየልጁ ሁለት ቦታ ይኑር፦ ገባ፣ ወረደ። ምልክቱ በር ላይ፣ ልጁ እግሩን መሬት ሲያደርግ ይደረግ፤ በግምት በኋላ አይሞላም። የጉዞው መጨረሻ ላይ ረዳቱ እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ እያንዳንዱን ረድፍ በእጁ ነክቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አይቶ ይመለስ። የዝርዝሩ ሰሌዳ ቦታው የኋላ ወንበር ላይ ከሆነ ፊርማው ያለው እዚያ ስለሆነ መሄዱ አይቀርም።

ልጆቹንም አስተምሯቸው፦ ብቻዬን መኪና ውስጥ ከቀረሁ ወደ ፊት ወንበር እሄዳለሁ፣ ክላክሱን እጫነዋለሁ፣ ሰው እስኪመጣ አልተውም። ክላክሱ በትንሽ እጅ ሲጫን ይጮኽ እንደሆነ፣ ቁልፍ ሳይገባም ይሠራ እንደሆነ መኪናው ላይ ይሞከር።

ውሃ ይጠጡ፣ ግን ፕላስቲክ ይሁን፣ ክዳን ያለው፣ ከጠጡ በኋላ ወደ ቦርሳ። ወለል ላይ የሚንከባለል ኮዳ ወደፊት ሄዶ ፍሬን ሥር ይገባል። ምሳ ዕቃም እንዲሁ።

ምግብ ጉዞ ላይ አይበላ። ሳምቡሳውና ባጊያው ወለሉን ቢያቆሽሽ ይታጠባል፤ የሚያስፈራው መታነቅ ነው። ለውዝ፣ ከረሜላ፣ እንጨት ያለው ከረሜላ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጉሮሮ ይዘጋሉ። ረዳቶች ይህን ይልመዱ፦ ልጁ ማሳል ካልቻለና ድምፅ ካጣ መኪናው ይቁም፣ ልጁን ወደፊት አጎንብሶ በሁለቱ ትከሻ አጥንት መሃል በመዳፍ 5 ጊዜ፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ፤ እየተፈራረቁ። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት ነው። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ረዳቱ ስልክ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

የጀጎል ነዋሪ፣ ሐረር

ከሐረር ልጨምር፤ የኛ ችግር ሌላ መልክ አለው። ጀጎል ውስጥ ሰርቪስ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች አይገባም፤ ልጁ ከቤቱ እስከ ጀጎል ግንብ በር በእግር ይመጣል። ሁሉም ሸዋ በር ላይ ከተሰበሰበ ደግሞ ታክሲው፣ አህያው፣ ሻጩና ተማሪው አንድ ቦታ ይጨናነቃሉ። መሳፈሪያውን ከበሩ አፍ 40፣ 50 ሜትር ራቅ አድርጉ፣ ግንብ ወይም አጥር ከጀርባ ያለበት ቦታ ምረጡ። ልጆቹ ከየመንደሩ በቡድን ይምጡ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ትንንሾቹን ቋጠሮ ባለው ገመድ አስይዟቸው፤ ቋጠሮው በየ60 ሳንቲም ቢሆን እርስ በርስ አይረጋገጡም።

ከሐማሬሳና ከአወዳይ በኩል ለሚመጡት ደግሞ የጫት መኪኖቹ አሉ። ጫቱ ትኩስነቱን ሳያጣ ለመድረስ ስለሚሽቀዳደሙ አስፋልቱ ዳር የቆመ ልጅ በነፋሱ ብቻ ይንገዳገዳል። በዚያ መስመር መጠበቂያው ከአስፋልቱ ጠርዝ 3 ሜትር ይራቅ፣ ኩርባ ላይ ከቶ አይሁን።

በደንገጎ ቁልቁለት ለጉብኝት የሚሄዱትም ይታሰቡ። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ከፊት ረድፍ ይቀመጥ፣ ጋቢና ግን አይሁን። ደብተር አያንብብ፣ መንገዱን አርቆ ይይ፣ ፌስታል በእጁ ይሰጠው። ሊያስመልሰው ሲል በመስኮት እንዳይወጣ አስቀድሞ ይነገረው።

የኮስተር ረዳት

ሥርዓት የተባለው ላይ ማንም ብዙ አልጻፈም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያደክመን ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ መቀመጫ ይመደብ። ስም በወንበር ጀርባ ላይ ይለጠፍ። አፀደ ሕፃናት ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ፣ ለረዳቱ በእጅ የሚደረስ ቦታ። የኋላውን ረድፍ ጓደኛሞች በሙሉ ከያዙት ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ከዚያ ይመጣል፤ ሁለት ረጋ ያሉ ልጆችን መሃላቸው አስገቡ። መስኮት ዳር ትልልቆቹ ይሁኑ። ድሬ ላይ መስኮት ዝጉ አይባልም፤ ግን 10 ሳንቲም ብቻ ይከፈት፣ በግራም በቀኝም ፊት ለፊት ያሉት ከተከፈቱ አየሩ ያልፋል።

ትልልቆቹን ለትንንሾቹ ማጣመሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን አለቃ አታድርጓቸው። ክፍል ውስጥ የተለመደውን የረባሽ ስም ዝርዝር መኪና ላይ ካመጣችሁት ስም ጻፊው ሌሎቹን መጫኛ ያደርገዋል፤ ሳንቲም ይቀበልበታል፣ ቂሙን ይወጣበታል። የትልቁ ልጅ ሥራ ሦስት ብቻ ነው፦ የትንሹ ቦርሳ ጭኑ ላይ መሆኑን ማየት፣ ከተኛ መቀስቀስ፣ ችግር ካለ እጅ ማውጣት።

የሚረብሽ ልጅ ሲያጋጥም በደረጃ ነው። ስሙን ዝግ ባለ ድምፅ ጠርቶ የእጅ ምልክቱን ማሳየት። ካልሆነ ቦታ መቀየር። ከዚያ በዕለቱ ለአስተባባሪ በጽሑፍ፣ ከዚያ ወላጅ። መሃል መንገድ ማውረድ፣ መምታት፣ ሾፌሩ ዞሮ መቆጣት የለም። ሾፌር መናገር ካለበት ዳር ይዞ፣ ፍሬቻ አብርቶ፣ ቆሞ ይናገር። በ40 ፍጥነት 2 ሰከንድ ዞሮ ማየት 22 ሜትር ሳያዩ መንዳት ነው።

ማንጓጠጥና ማስፈራራት ከረብሻ ይለያል። ድምፅ የለውም፤ ምልክቱ አንድ ልጅ በድንገት ቦታውን ሲጠላ፣ ምሳ ዕቃው ባዶ ሲሄድ፣ ለመግባት እያቅማማ መጨረሻ ሲቀር ነው። ተጎጂውን አንስታችሁ ረዳቱ ጋ ስታስቀምጡ የተቀጣው እሱ እንዳይመስል፣ የሦስት አራት ልጆችን ቦታ በአንድ ቀን ለውጡ።

የሰርቪስ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። የኖራው መስመር፣ የመጥረጊያው ልኬት፣ የኋላ ወንበር ሰሌዳና «ወላጁ ወደ ልጁ ይሻገር» የሚለው ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ገብተዋል። ሁለት ጥያቄ ቀረ። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ምን ይደረግ? የአደጋ ጊዜ መውጫ ልምምድስ ስንት ጊዜ?

የመንገድ ደህንነት ክበብ አስተባባሪ

ደቻቱን በሰማይ አትፍረዱት። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደረቁ የወንዙ አሸዋ በደቂቃ ውስጥ ይሞላል። የ1998 ዓ.ም. ክረምቱ ጎርፍ ሌሊት ነው የደረሰው፣ ብዙ ሕዝብም አልቋል። በበልግ ደግሞ፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ትምህርት ክፍት ነው። ከላይ ደመና ከተቋጠረ አሸዋውን አቋርጦ መሄድ ይቅር፣ በድልድዩ ብቻ። ውሃ መውረድ ከጀመረ በማንኛውም ጥልቀት አይገባበትም፦ 15 ሳንቲም የሚሮጥ ውሃ አዋቂን ይጥላል፣ 30 ሳንቲም ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲም አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከሁሉም ቀላል ነው። ወንዙ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የመጠበቂያ ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ለወላጅ በመስከረም በጽሑፍ ስጡ፣ ልጆቹ ውሃ ሊያዩ እንዳይወርዱ መኪናው ውስጥ ይቆዩ።

ሃይሩፍ ሾፌር

የመውጫ ልምምዱ በመንፈቅ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ግን እውነተኛ ይሁን። አስቀድሞ የሃይሩፉ የኋላ በር ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ ፈትሹ፤ ብዙው አይከፈትም፣ ወይም ወንበር ዘግቶታል። ለኮስተሩ የመስታወት መስበሪያ መዶሻ ሁለት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። መስታወት የሚመታው ማዕዘኑ አካባቢ ነው፣ መሃሉ ላይ ይነጥራል። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ።

ልምምዱ ላይ ቦርሳ እዚያው ይቀራል። በሩ ጋ ያለው ረድፍ መጀመሪያ፣ ከዚያ ወደ ኋላ በየተራ። ከመኪናው 30 ሜትር፣ ከአስፋልቱ ውጭ፣ ጭስ በማይመጣበት በኩል ይቆማሉ፣ በዝርዝሩ ይቆጠራሉ። ሰከንዱን ያዙ፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሙከራ በጣም ይሻሻላል። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ሾፌሩ ቢታመም የእጅ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ፣ ሞተር በምን እንደሚጠፋ አሳዩ። ጭስ ወይም እሳት ከሌለና መኪናው የቆመበት ቦታ ካላሰጋ ደግሞ ሲበላሽ ውስጥ መቆየት ይሻላል፤ አስፋልት ዳር የተበተነ 20 ልጅ ለመጠበቅ አንድ ረዳት አይበቃም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሳቢያን

ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ቀርቶ ሌላ ሰው የመጣ ቀንስ? ልጆቹ «አላውቀውም» ብለው እንዲመለሱ ነው የምንነግራቸው ወይስ እንዲገቡ?

የኮስተር ረዳት

እህቴ፣ አይገቡም። ለውጥ ካለ ትምህርት ቤቱ መኪናው ከመድረሱ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ለየወላጁ ደውሎ የሰሌዳ ቁጥሩንና የሰውየውን ስም ይናገር። ያልተነገራችሁ ሰው ከመጣ ልጁን ይዛችሁ ወደ አስተባባሪው ደውሉ። ተተኪው ራሱ ደግሞ ሲመጣ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት መኪናው ላይ ያግኝ፦ የመቀመጫው ድልድል፣ የፌርማታዎቹ ቅደም ተከተል፣ በየት በኩል እንደሚቆም፣ ተቀባይ ማን እንደሆነ፣ የሚያዘው መድኃኒት ያለው ልጅ ካለ ስሙ። ልኬቱንም ከመንዳቱ በፊት በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደገና ይውሰድ፤ በመጥረጊያው እንጨት 5 ደቂቃ አይፈጅበትም። እንጨቱን ከወንበር ሥር አስቀምጡለት።